ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን፦ የቱርቦን ግፊት በስልክ መዝግቦ ማንበብ

ባለፈው ክረምት የናፍታ ፒክአፔ የዓባይን ዳገት እንቢ አለኝ። ቀንበር ላይ እንደለገመ በሬ ሆነብኝ። ሁልጊዜ በሦስተኛ ማርሽ የምወጣውን መንገድ በሁለተኛ እየተንፏቀቅኩ፣ ጥቁር ጭስ እያስተፋሁት ደጀን ደረስኩ። በማግስቱ ደብረ ማርቆስ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ልጁ ትንሿን ማሽን ሰካና ስልኩን አየ። "ጋሼ፣ ቡስቱ ከዜሮ በታች 25 ነው። ቱርቦው አልቆለታል፤ መቀየር ነው" አለኝ። ቡስት የሚሉት ቱርቦው የሚጨምረውን የአየር ግፊት ነው።

ሞተሩን አጥፍቼ ቁልፉን ብቻ ከፈትኩ። አሁንም ከዜሮ በታች 25። የጠፋ ሞተር ላይ ቱርቦ ምን ሊያደርግ ይችላል? ምንም። ስለዚህ ያ ቁጥር የቱርቦው አልነበረም። የደብረ ማርቆስ ከፍታ ነበር።

በመጨረሻ የተገኘው ችግር ከማሰሪያው ሥር የተሰነጠቀ አንድ የጎማ ቱቦ ነው። ያገኘሁትም ዳገቱን ግፊቱን እየመዘገብኩ ወጥቼ፣ ቤት ገብቼ የተመዘገበውን ፋይል፣ ሎጉን፣ በማንበብ ነው። ቱርቦ ውድ ዕቃ ነው። ጤነኛ ቱርቦ ተፈትቶ ሲጣል ማየት ያንገበግበኛል። ስለዚህ ያደረግኩትን በሙሉ ላሳያችሁ።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል

ከሞተሩ የሚወጣው የተቃጠለ ጋዝ የቱርቦውን አንድ መዘውር ያሽከረክራል። በዚያው ዘንግ ላይ ያለው ሁለተኛው መዘውር አየር ስቦ አየሩን በሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር በኩል ወደ ሞተሩ ይገፋል። አየሩ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት ግፊቱን የሚለካ ሴንሰር አለ። ማፕ ሴንሰር ይሉታል።

ዋናው ነገር ይህ ነው። ማፕ ሴንሰር የሚለካው ቱርቦው የጨመረውን ብቻ አይደለም። የአካባቢውን አየር ግፊትም ደምሮ ነው የሚናገረው። የቱርቦውን ድርሻ ለማግኘት የአካባቢውን ግፊት መቀነስ የኛ ሥራ ነው።

የአካባቢው ግፊት ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ባሕር ጠረፍ ላይ 101 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ከ1,000 ሜትር ትንሽ ከፍ በሚለው የዓባይ ድልድይ ላይ 90 አካባቢ ይሆናል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ከ81 እስከ 83። ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር አካባቢ ናት፤ እዚያ ከ75 እስከ 77 ትጠብቃላችሁ። እንጅባራ ላይ ግፊቱ ከዚያም ትንሽ ዝቅ ይላል።

አንዳንድ አፕ የአካባቢውን ግፊት ከመኪናው ካላገኘ በራሱ 101 ይቀንሳል። ማርቆስ ላይ 76 ሲቀነስ 101 ከዜሮ በታች 25 ነው። የጋራዡ ልጅ ያነበበው ይህንን ነው። ልጁ አልዋሸም። አፑ ግን ማርቆስን የባሕር ወደብ አድርጓት ነበር።

ሌላም ነገር አለ። የሞተሩ ኮምፒዩተር ከፍታ ቦታ ላይ ሆን ብሎ የቱርቦውን ግፊት ሊቀንስ ይችላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ማኒፎልዱ ውስጥ፣ ማለትም አየሩ ወደ ሞተሩ በሚገባበት ቱቦ ውስጥ፣ 200 ኪሎፓስካል ለማድረስ ባሕር ጠረፍ ላይ ቱርቦው አየሩን ሁለት እጥፍ ቢጨምቅ ይበቃዋል። ማርቆስ ላይ ግን ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ መጭመቅ አለበት። ለዚያ በጣም መፍጠን አለበት፤ ከልኩ በላይ የፈጠነ ቱርቦ ደግሞ ይሰበራል። ስለዚህ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ከሚለው ያነሰ ቁጥር ጎጃም ደጋ ላይ ብታዩ ወዲያው አትደንግጡ።

ዕቃው

የሚያስፈልጋችሁ የመኪናውን ኮምፒዩተር ንባብ ወደ ስልክ የሚያስተላልፈው ኢኤልኤም 327 የሚባል ትንሽ አስማሚ፣ ስልክና አፕ ነው። ከአፖቹ ቶርክ ፕሮ እና ካር ስካነር በብዛት ይታወቃሉ። ሁለቱም ሎግ ይይዛሉ።

አስማሚው ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ገበያው ላይ ቅጂ ሞልቷል። ርካሹ ቅጂ ብዙ ጊዜ በካን መስመር የሚነጋገሩ አዳዲስ መኪኖችን ያነብባል፤ ኬ ላይን የሚባለውን የቆየ መስመር የሚጠቀሙትን ግን ማንበብ ያቅተዋል። እኛ አገር ያሉት ፒክአፖች ብዙዎቹ ቆየት ያሉ ስለሆኑ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ስትገዙ ሻጩን "መኪናዬ ላይ ሰክቼ ልሞክረው" በሉት። አንድሮይድ ስልክ ካላችሁ ተራው ብሉቱዝ ይበቃል። አይፎን ከሆነ ግን ዋይፋይ ያለውን ወይም አዲሱን ብሉቱዝ ሎው ኢነርጂ የሚባለውን ፈልጉ። ተራው ብሉቱዝ አይፎን ላይ አይሠራም።

መኪናውስ? ከመሪው ሥር ባለ 16 ፒን ሶኬት ፈልጉ። አሜሪካ ይህንን ኦቢዲ የሚባል የመኪና ራስ ምርመራ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አስገድዳለች። አውሮፓ ለቤንዚን መኪና ከ2001፣ ለናፍታ ደግሞ ከ2004 ወዲህ ነው። ሕጉ ግን ለነሱ ገበያ ነው። ለአፍሪካ የተሠሩ አንዳንድ ናፍታዎች ሶኬቱ ኖሯቸውም ለአጠቃላዩ ኦቢዲ ጥያቄ ሙሉ መልስ አይሰጡም። ቶዮታ ከሆነ በላፕቶፕ የሚሠራው ቴክስትሪም የሚባለው የአምራቹ ሶፍትዌር ያድናችኋል። እሱ የሞተሩ ኮምፒዩተር ከቱርቦው የሚፈልገውን ግፊት ጭምር ሊያሳይ ይችላል። በሜካኒካል ፓምፕ የሚሠራ የቆየ አይሱዙ ወይም ሌላ ናፍታ ከሆነ ኮምፒዩተር የለውም። ለሱ በቱቦ የሚገናኝ ባለ መርፌ ጌጅ ነው የሚሆነው።

ማገናኘት

አስማሚውን ሶኬቱ ላይ ሰኩ። ቁልፉን ክፈቱ፤ ሞተሩን ገና አታስነሱ። በተራው ብሉቱዝ ከሆነ መጀመሪያ ከስልኩ ሴቲንግ ላይ አጣምሩት። የሚስጥር ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ 1234 ወይም 0000 ነው። ከዚያ አፑ ውስጥ ገብታችሁ አስማሚውን ምረጡ። የመኪናውን ቋንቋ አፑ ራሱ ይፈልጋል፤ ኬ ላይን ላይ ትንሽ ይቆያል፣ ታገሱት።

ሥራችሁን ስትጨርሱ አስማሚውን ንቀሉት። ከሶኬቱ ፒኖች አንዱ ቁልፉ ቢዘጋም ቀጥታ ከባትሪ ኃይል ይወስዳል። ለሳምንት የቆመ መኪና ላይ ተሰክቶ ከተረሳ ባትሪውን ሊያደክመው ይችላል።

ምን ምን እንመዝግብ

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው። አፑ 40 ዓይነት ንባብ ሲያሳየው ሁሉንም ይመርጣል። አስማሚው ግን አንዱን ጠይቆ፣ መልስ ጠብቆ፣ ከዚያ ሌላውን ነው የሚጠይቀው። ኬ ላይን ላይ በሰከንድ የሚመጣው መልስ በጣት የሚቆጠር ነው። 15 ነገር ከመረጣችሁ የቱርቦው ግፊት ብዙ ሰከንድ ቆይቶ አንዴ ይመዘገባል። የቱርቦ ጉዳይ ግን በሁለት ሰከንድ ውስጥ ያልቃል። ዓሣው ካለፈ በኋላ መረብ እንደመጣል ነው።

እኔ የምመርጠው አራት ብቻ ነው። ማኒፎልድ ግፊት፣ የሞተር ዙር ማለትም አርፒኤም፣ የነዳጅ ፔዳል ምን ያህል እንደተረገጠ፣ እና ፍጥነት። ፔዳሉን መኪናችሁ ካልሰጠ የሞተር ሎድ፣ ማለትም ሞተሩ የተሸከመው ጭነት፣ ይተካዋል። የአካባቢ አየር ግፊት፣ ማለትም ባሮሜትሪክ የሚለው፣ ካለ በጣም ጥሩ ነው፤ ቶሎ ስለማይለዋወጥ ግን አፑ የሚፈቅድ ከሆነ ቀስ ብሎ እንዲጠየቅ አድርጉት። ከስልኩ ጂፒኤስ የሚመጣውን ከፍታም ጨምሩ። እሱ ከመኪናው ስለማይጠየቅ ጊዜ አይወስድም፤ ዓባይ በረሃ ላይ ደግሞ በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

አፑ በራሱ አስልቶ "ቡስት" ብሎ የሚሰጠውን ተዉት። ጥሬውን ማኒፎልድ ግፊት ውሰዱ። መለኪያውን ኪሎፓስካል አድርጉ። በባር ወይም በፒ ኤስ አይ ለለመዳችሁ፣ 100 ኪሎፓስካል አንድ ባር ነው፤ 14.5 ፒ ኤስ አይ ገደማም ነው።

ሎጉ ሲኤስቪ የሚባለው፣ በሠንጠረዥ የሚከፈት ፋይል ሆኖ እንዲቀመጥ አድርጉ። ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ አፑን እንዳይዘጋው ፈቃዱን ስጡት፤ ስክሪኑም አይጥፋ። እኔ አንድ ጊዜ ዳገቱን በሙሉ ወጥቼ ፋይሉን ስከፍት የተቀዳው የመጀመሪያው ሁለት ደቂቃ ብቻ ነበር።

ዜሮውን ማግኘት

ይህ ደረጃ አንድ ደቂቃ ይወስዳል። ብትዘልሉት ግን ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

ቁልፍ ተከፍቶ፣ ሞተር ሳይነሳ፣ ማኒፎልድ ግፊቱን አንብቡ። አሁን ቱርቦ የለም፤ ሴንሰሩ የሚያየው የአካባቢውን አየር ብቻ ነው። ባሕር ዳር ከሆናችሁ 82 አካባቢ፣ ማርቆስ ከሆናችሁ 76 አካባቢ ማሳየት አለበት። መኪናው ባሮሜትሪክ ካለው ሁለቱ እኩል ወይም በአንድ ሁለት ቁጥር ብቻ የሚለያዩ ይሁኑ።

ማርቆስ ቆማችሁ 101 ካያችሁ ሴንሰሩ ወይም አስማሚው አንዱ እየዋሸ ነው። 60 ካያችሁም እንደዚያው። ሴንሰሩ በጥቀርሻና በዘይት ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ እሱን አጽዱ። ውሸታም ሚዛን ይዛችሁ ቱርቦ አትመዝኑ።

ትክክል ከሆነ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት። ባሮሜትሪክ ለማይሰጥ መኪና የምትቀንሱት ይህንን ነው።

መንገድ ላይ

ቆማችሁ ነዳጅ እየረገጣችሁ ቱርቦ ለመለካት አትሞክሩ። ጭነት የሌለው ሞተር ብዙ ናፍታ አያቃጥልም፤ ጋዙ ትንሽ ስለሚሆን ቱርቦው አይነሣም። ጋራዥ ውስጥ "አየህ፣ አይሠራም" የሚባለው አብዛኛው ፍርድ የሚሰጠው በዚህ መንገድ ነው።

ሁለት ሰው ሁኑ። አንዱ ይንዳ፣ ሌላው ስልኩን ይያዝ። የኔን የእህቴ ልጅ ነው የሚነዳልኝ። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፤ ቢያንስ 15 ደቂቃ ንዱት። ከዚያ በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩን ወደ 1,500 ዙር አውርዱ፤ ፔዳሉን አንዴ እስከ ወለሉ ረግጣችሁ ያዙት። 3,500 አካባቢ ሲደርስ ልቀቁ። ይህ አንድ ሙከራ ነው። ሦስት ጊዜ ድገሙት። በየመሃሉ አንድ ሁለት ደቂቃ ረጋ ብላችሁ ንዱ፤ ካቆማችሁም ወዲያው አታጥፉት፣ ቱርቦው ይብረድ።

የት? ቀለል ያለ፣ ወደፊት ርቆ የሚታይ ዳገት ይመረጣል። ከማርቆስ ወደ አማኑኤል ባለው መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ቦታ አይጠፋም። የገበያ ቀን ግን ተዉት። አህያው፣ በጉ፣ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ነው። ክረምት ላይ ጠዋት ጉም ካለም ተዉት።

ከድልድዩ ወደ ደጀን ያለው ዳገት የተለየ ጥቅም አለው። 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳይቋረጥ ይወጣል፤ ጭነቱ አይለቅም። አንዳንድ ችግር ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ሲጨነቅ ብቻ ነው ራሱን የሚያሳየው። እዚያ ላይ ግን ፔዳል እስከ ወለል የሚባለውን አትሞክሩ። መታጠፊያው ብዙ ነው፣ ከባድ መኪና ይበዛል፣ መሬቱ ተንሸራቶ አስፋልቱ የተጣመመበት ቦታም አለ። እንደ ወትሮው እየነዳችሁ ሎጉ ብቻ ይሂድ። ከድልድዩ ደጀን እስክትደርሱ የአካባቢው ግፊት ከ90 ወደ 76 ስለሚወርድ፣ አንድ ቁጥር ይዛችሁ ሙሉውን መንገድ ብትቀንሱ ትሳሳታላችሁ። ከፍታውን መዝግቡ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ባሮሜትሪክ ከሌላችሁ ታች አንድ ጊዜ፣ መሃል አንድ ጊዜ፣ ላይ አንድ ጊዜ ዳር ይዛችሁ ቆማችሁ፣ ቱርቦው ሲበርድ ሞተሩን አጥፍታችሁ ዜሮውን አንብቡ።

ፋይሉን መክፈት

ፋይሉን በኤክሴል ወይም በጉግል ሺትስ ክፈቱ። ባዶ ወይም ሰረዝ ያለባቸውን መስመሮች አጥፉ። አንድ አዲስ ዓምድ ጨምሩ፤ ማኒፎልድ ግፊት ሲቀነስ የአካባቢው ግፊት። የቱርቦው እውነተኛ ሥራ ያ ዓምድ ነው። ከዚያ ፔዳሉ ከ90 በመቶ በላይ የተረገጠባቸውን መስመሮች ብቻ አስቀሩ፤ ዙሩን በአግድም፣ ግፊቱን በቁም አድርጋችሁ ሥዕል አውጡ።

የኔን ላሳያችሁ። የአካባቢው ግፊት 78 በሆነበት ቦታ ቱቦው ተሰንጥቆ እያለ በ1,800 ዙር ማኒፎልዱ 104 ነበር። በ2,200 ወደ 118 ወጣ። በ2,600 ዙር 127 ደረሰ። ከዚያ ከመውጣት ይልቅ በ3,000 ወደ 121 ወረደ። 78 ስንቀንስ ቱርቦው ቢበዛ 49 ብቻ ነው የሰጠው። ቱቦው ከተቀየረ በኋላ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ማርሽ 131፣ 168፣ 184፣ 186 ሆነ። ማለትም 78 ሲቀነስ ቢበዛ 108። በግማሽ ጉልበት ነበር ዳገት ስወጣ የከረምኩት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። መደበኛው የማኒፎልድ ግፊት ንባብ ከ255 በላይ መናገር አይችልም። መስመራችሁ ልክ 255 ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ከቆመ የመለኪያው ጣሪያ ነው፤ ቱርቦው ምናልባት ከዚያም አልፏል።

ሥዕሉ ምን ይላል

ጤነኛ የናፍታ ቱርቦ ከ1,500 ዙር በኋላ ተነሥቶ ከ2,000 እስከ 2,500 ባለው ውስጥ ጣሪያው ላይ ይደርሳል። ከዚያ ጠረጴዛ መስሎ ይዘልቃል። ሦስቱ ሙከራዎች እርስ በርስ መደራረብ አለባቸው።

ቀስ ብሎ ተነሥቶ ጣሪያው ሳይደርስ የሚቀር፣ ዙር ሲጨምር ደግሞ የሚወርድ ከሆነ አየር እየወጣ ነው። የኔ ይህ ነበር። ጥቁር ጭስና የፉጨት ድምፅ አብሮት ይመጣል። ኮፈኑን ክፈቱና ከቱርቦ እስከ ኢንተርኩለር፣ ከኢንተርኩለር እስከ ማኒፎልድ ያሉትን ቱቦዎች አንድ በአንድ ዳብሱ። የዘይት ላብ ያለበት መገጣጠሚያ ተጠርጣሪ ነው። ቱቦውን በእጃችሁ እጠፉት፤ ስንጥቁ ሳይታጠፍ አይታይም። የኔን ሦስት ሰው አይቶት አልፎታል። ማሰሪያውን ስፈታው ነው ጣቴ የገባበት።

መጀመሪያ ከልክ በላይ ዘልሎ ወዲያው ገደል የሚገባ ከሆነ ሌላ ታሪክ ነው። የሚንቀሳቀሱ ክንፎች ያሉት ቱርቦ ክንፎቹ በጥቀርሻ ሲያዙ እንዲህ ያደርጋል። ኮምፒዩተሩ ይደነግጥና ጉልበቱን ይቆርጠዋል፤ ቁልፍ አጥፍታችሁ ስታስነሱ ደግሞ ይመለሳል። ፒ 0234 የሚል ኮድ ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ከልክ ያለፈ ግፊት ማለት ነው። ማነስ ሲሆን ፒ 0299 ነው። ንባባችሁ ቀርፋፋ ከሆነ ዝላዩ በሁለት ንባብ መሃል ሊያመልጣችሁ ስለሚችል ማኒፎልድ ግፊቱንና ዙሩን ብቻ አስቀርታችሁ ድገሙት።

ጨርሶ የማይነሣና ከአካባቢው ግፊት ጋር ተጣብቆ የሚቀር ከሆነ ቱርቦውን ከመፍታታችሁ በፊት ቱርቦውን የሚያዘውን ክፍል እዩ። ብዙ ጊዜ አንዲት ቀጭን የቫኪዩም ቱቦ ወልቃ ትገኛለች። ዋጋዋ ከምሳ አይበልጥም። ከሱ ቀጥሎ የተቃጠለ ጋዝ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ኢጂአር የሚባለው ቫልቭ ክፍት ሆኖ ተይዞ እንደሆነ ተመልከቱ።

ግፊቱ ጥሩ ሆኖ መኪናው ግን ጉልበት ካጣ ቱርቦውን ተዉት። የናፍታ ፊልትሮውን ቀይሩ። ዙሩ እየጨመረ ፍጥነቱ ካልተከተለው ደግሞ ፍሪሲዮን ነው፤ ፍጥነትን መዝግቡ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። አየር ፊልትሮን ሳልረሳ፦ በበጋ የገጠር ጠጠር መንገድ የሚሄድ መኪና አቧራ ይበላል። ፊልትሮ የተደፈነበት ቱርቦ ማፈኛ ለብሶ እንደሚሮጥ ሰው ነው።

ካስተካከላችሁ በኋላ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ማርሽ፣ በዚያው ጭነት አንድ ጊዜ እንደገና መዝግቡና ፋይሉን አስቀምጡት። የሚቀጥለው ክረምት መኪናው ሲለግም የምታወዳድሩት ከሱ ጋር ነው። ስትሰይሙት ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተጫነውን ኩንታልና ያን ዕለት ያነበባችሁትን ዜሮ ጻፉበት።